የካቡ ጎረቤቶቼ

ያደግሁት ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብላ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ በሰጠች ኮረብታ ወገብ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። የአያቴ ቤት እንደ ብዙው የላስታ ቤት ክብ፣ ባለ ደርብና በቀይ ድንጋይ የተሠራ ነበር። አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ከደጃፏ በታች የገብስና የባቄላ እርከኖች እየተደራረቡ እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። እያንዳንዱን እርከን ደግፎ የያዘው ካብ ጭቃም ሲሚንቶም አልነካውም፤ ድንጋይ እየተመረጠ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። ማን እንደካበው ሲጠየቅ "አባቶች" ይባላል እንጂ ስም የሚጠራ አልነበረም። ከካቦቹ ሁሉ ከደጃችን ሥር ያለው የላይኛው ነው የልጅነቴን ጠዋቶች የወሰደው።

ላስታ በኅዳርና በታኅሣሥ ትበርዳለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚያ ወቅት ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት የለም። አየሩ ቀጭን ነው፣ ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ማለዳ ከባና ውስጥ መውጣት ጭንቅ ነው። እኛ ልጆች ግን እንወጣ ነበር። ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን፣ ጀርባችንን ለቤቱ ግድግዳ ሰጥተን፣ ጀንበር ከማዶው ሸንተረር ብቅ እስክትል እንጠብቃለን።

ብርሃኑ ካቡን ሲነካው መጀመሪያ የሚታየው ጭንቅላት ነው። ከአንድ ስንጥቅ ጠፍጣፋ ጥቁር ራስ ብቅ ይልና ዓይኑን ያዞራል፤ ይቆያል። ከዚያው ስንጥቅ ሁለተኛ ራስ ከጎኑ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። ፀሐዩ ሲበረታ ገበሎ የምንላቸው ትላልቆቹ ወጥተው ሆዳቸውን በድንጋዩ ላይ ያነጥፋሉ። ሲወጡ መልካቸው አፈር ነው። ሙቀት እየገባቸው ሲሄድ ግን የወንዱ ራስና ጉሮሮ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ እኔ ያን ሰማያዊ በሌላ በምንም ነገር ላይ አይቼው አላውቅም። ለስላሳ ቆዳ ያላቸው፣ በጎናቸው መስመር የወረደላቸው ትንንሾቹ እንሽላሊቶች ቀጥለው ይመጣሉ። አንዱ አገጩን በሌላው ወገብ ላይ ያሳርፋል፤ ሌላው በሁለቱ መካከል ይሰነቀራል። በዚያ ሰዓት አይነካከሱም፣ አይገፋፉም። ዶሮዎቻችን እንኳ ለቆጥ ሲፋጁ ያየሁ ልጅ ስለነበርኩ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይህ ነበር።

"እምዬ፣ ለምንድን ነው ተደራርበው የሚተኙት?" አልኳት አንድ ቀን።

እምዬ ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዷን ሳታቆም "አንቺስ ማታ ማታ ከወንድሞችሽ ጋር በአንድ ባና የምትጠቀለዪው ለምንድን ነው? በርዷቸው ነዋ ልጄ" አለችኝ።

ለዕድሜዬ በቂ መልስ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ሌላ አልፈለግሁም። ሌላ መልስ ያመጣው አጎቴ ነው። አጎቴ በአካባቢው ካብ በመካብ የታወቀ ሰው ነበር። እህል ከአውድማ ገብቶ ሥራ ቀለል ሲል፣ በጥር፣ ክረምት የናዳቸውን እርከኖች እየዞረ ይጠግናል። እኔም ትንንሹን ድንጋይ እያቀበልኩ እከተለዋለሁ። አንድ ማለዳ ከካቡ ጫፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሊያስተካክል ሲያነሣው እጁን በዚያው አቁሞ "ነይ እይ፣ ዝም ብለሽ" አለኝ።

ከድንጋዩ ሥር፣ የእጅ መዳፍ በማትሞላ ጎድጓዳ ቦታ፣ ሰባት ወይም ስምንት እንሽላሊቶች ተጠላልፈው ተኝተው ነበር። የትኛው ጅራት የማን እንደሆነ አይለይም። ብርሃን ሲያገኛቸው አልሮጡም። አንዷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነች፤ ሌላው አንድ እግሩን ዘርግቶ በዚያው ቀረ። ሞተው መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አጎቴ ግን "ደማቸው ቀዝቅዞ ነው፤ አሁን መሮጥ አይችሉም" አለና ድንጋዩን እንደ ነበረ መለሰው። ሥራውን ከሌላ ቦታ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ፣ ካቡ ሲሞቅ፣ ተመልሶ ያን ድንጋይ ሲያነሣው ከሥሩ ማንም አልነበረም።

የእምዬን መልስ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ብርዱ እውነት ነው" አለ፤ "ግን ብርድ ብቻ አይደለም። በዚህ ካብ ስንጥቅ ሞልቷል፤ ደኅና ስንጥቅ ግን ጥቂት ነው። ነፋስ የማያልፍበት፣ ውኃ የማይቋጥር፣ እባብ የማያስገባ፣ ድንጋዩም ሲመሽ ቶሎ የማይቀዘቅዝ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ከተገኘ ሁሉም እዚያ ነው የሚገባው።"

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ካቡን በመዳፌ መዳሰስ ጀመርኩ። ቀጭኖቹ ድንጋዮች ቀን ያቃጥሉኝ የነበሩት ናቸው፤ ፀሐይ ከገባች ብዙም ሳይቆይ ቀዝቅዘው አገኛቸዋለሁ። ከሥር ያሉት ግዙፎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉም ብዙ አይሞቁም። መካከለኞቹ ግን ከእራት በኋላም ሙቀታቸው ይሰማኛል። ገበሎዎቹም ማታ የሚገቡት ከእነዚህ ሥር ነበር።

ዓመታት አልፈው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ባዮሎጂ ስማር ይህንኑ ነገር በወረቀት ላይ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ጥናት ነው። ሬይመንድ ሂዩና የሥራ ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ ኢግል ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ ጋርተር የሚባሉ እባቦች ሌሊት የሚያድሩባቸውን ድንጋዮች ውፍረት ለክተው ነበር። ቀጭኑ ድንጋይ ቀን ለሞት የሚያደርስ ሙቀት፣ ሌሊት ደግሞ ብርድ ነው። በጣም ወፍራሙ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። እባቦቹ የሚመርጡት ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረውን ነው። አጎቴ ሴንቲ ሜትር አያውቅም፤ በስንዝር ነው የሚለካው። ከአንድ ስንዝር እስከ ሁለት ስንዝር ማለት ነው፤ የላይኛው ካባችን አብዛኛው ድንጋይ ይህን ያህል ነበር።

እንሽላሊት፣ እባብ፣ ዔሊና አዞ እንደ እኛ በሆዳቸው ውስጥ እሳት አያነዱም። የሰውነታቸው ሙቀት ከፀሐይ፣ ከድንጋይ፣ ከአየር የሚለመን ነው። በርዷቸው ሳለ መሮጥ ብቻ አይደለም የሚያቅታቸው፤ የበሉት እንኳ አይፈጭላቸውም። ስለዚህ ለአንዲት ትንሽ የደጋ እንሽላሊት ሙቀት ከምግብ ይቀድማል። ቀኑን አጭር የሚያደርግባት ደግሞ ትንሽነቷ ነው። አካል ባነሰ መጠን ከክብደቱ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ቆዳ ስለሚበዛ ያገኘችውን ሙቀት ቶሎ ታጣለች። አምስት ስድስት ሆነው ሲጣበቁ ግን የተጋለጠው ቆዳ ይቀንሳል፤ አንድ ላይ እንደ አንድ ትልቅ አካል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ወፍራም ጅራት ባላቸው፣ ጌኮ በሚባሉ እንሽላሊቶች ላይ ይህንኑ ለክተውታል፤ ተሰብስበው ያረፉት ብቻቸውን ካረፉት ይልቅ ቀስ ብለው ይቀዘቅዛሉ፣ ቀስ ብለውም ይሞቃሉ። እምዬ ሰፌዷን ሳታቆም የተናገረችው ይህንን ነው።

ከብርዱ ሌላ ድርቀቱ አለ። የላስታን በጋ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በረሃ በሚኖሩ ጌኮዎች ላይ የተሠራ ጥናት ተጠጋግተው የሚያርፉት ብቻቸውን ከሚያርፉት ያነሰ ውኃ ከሰውነታቸው እንደሚተን አሳይቷል። እኛ ቤት ከጥር እስከ ግንቦት ውኃ ከሩቅ ምንጭ በእንስራ ይቀዳ ነበርና ይህን ሳነብ ውስጤ የተነካው ከሌላው ሁሉ በላይ ነው። በካቡ ውስጥ ያሉትም ለጠብታ የሚሳሱ እንደሆኑ በልጅነቴ አላሰብኩትም፣ ማንም አላሰበውም።

አጎቴ ያለው የደኅና ስንጥቅ ጉዳይ በሌላ አገር እንዴት ያለ ነገር እንደሚያደርግ ማየት ለሚፈልግ የካናዳዋ ማኒቶባ አለች። እዚያ ናርሲስ በሚባል ስፍራ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተከፈቱ ጉድጓዶች አሉ። ክረምቱ መሬቱን በጥልቅ ያበርደዋል፤ ከበረዶው በታች የሚያደርስ ጉድጓድ ያላገኘ እባብ እስከ ጸደይ አይቆይም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ጥቂት ስለሆነ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ እባቦች ከየሜዳው ተጉዘው በእነዚያ ይከታሉ። ወጣቶቹ መንገዱን የሚያገኙት የሌሎቹን የቆዳ ሽታ እየተከተሉ ነው። ስለዚህ አንዱ ያገኘውን ማደሪያ ሌላው ያገኘዋል፤ መሰብሰቡ ራሱን በራሱ ያሳድጋል።

በልጅነቴ አዞ የምናውቀው በወሬ ነበር። ተከዜ ምንጩ ከእኛው ከላስታ ተራሮች ነው፤ ከእኛ ዘንድ ሲነሣ ልጅ የሚሻገረው ውኃ ነው። ወደ ቆላው የወረዱ ነጋዴዎች ግን ወንዙ ታች በሸለቆው አዞ እንደሚያሳድግ ይነግሩናል፤ እኛም ሌሊቱን ሙሉ ስንፈራ እናድራለን። አዞን በዓይኔ ያየሁት ተማሪ ሆኜ፣ በአርባ ምንጭ፣ በጫሞ ሐይቅ ዳር፣ አዞ ገበያ በሚባለው ቦታ ነው። ገበያ መባሉ ይገባዋል። ርዝመታቸው ከ5 ሜትር የሚያልፍ አዞዎች ጎን ለጎን ተጋድመው፣ አንዳንዱ አፉን ከፍቶ፣ ጠዋቱን በአሸዋው ላይ ያሳልፋሉ። ጀልባው ቀስ ሲል አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔ ግን ወዲያው የእምዬ ካብ ነው ትዝ ያለኝ።

መምህራችን ያስረዱን ነገር ግን ያን ትዝታዬን አስተካከለልኝ። ግዙፍ አዞ የሚሰበሰበው እንደ ትንንሾቹ ሙቀት ለመቆጠብ አይደለም፤ ያ አካል በራሱ ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይይዛል። አፉን የሚከፍተውም እንዲያውም ሙቀት ሲበዛበት ለመቀዝቀዝ ነው። አዞዎቹን በአንድ ቦታ ያገናኛቸው ዳርቻው ነው። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ለመውጣት የማያስቸግር፣ ከጥልቅ ውኃው የቀረበ ዳርቻ በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ የለም። ትልልቆቹ የመረጡትን ይይዛሉ፤ ታናናሾቹ ጥግ ይዘው ይጋደማሉ። ስለዚህ የእምዬ መልስ ለእንሽላሊት፣ የአጎቴ መልስ ለአዞ ይበልጥ ይገጥማል ብል ከእውነቱ አልርቅም። በካባችን ላይ ሁለቱም አብረው ይሠሩ ነበር።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የማታው ነው። ገበሎዎቹ ቀን ቀን ሰላማዊ አልነበሩም። ወንዱ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃል፤ ሌላ ወንድ ከቀረበ ያባርረዋል፤ አንዳንዴ ጅራት ለጅራት ሲገራረፉ ድምፁ ይሰማል። ሲመሽ ግን ሰማያዊው ይደበዝዛል። ቀኑን ሲሳደዱ የዋሉት ተራ በተራ እየመጡ ወደዚያው ስንጥቅ ይገባሉ፤ ባለ ድንጋዩም ያስገባቸዋል። የዚህ ወገን በሆኑ የምዕራብ አፍሪካ ገበሎዎችም እንዲሁ ታይቷል። ቀን የሚጣሉበት ነገር፣ ሴትና የምግብ ቦታ፣ ማታ ዋጋ የለውም። የማታው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ጠዋት መድረስ።

መሰብሰብ ዋጋም ያስከፍላል፤ ይህንንም ያየሁት እዚያው ነው። አንድ ቀን ካቡን ተጠግታ ጥቁር እባብ ስታልፍ አየሁ። ያደረችበትን ስንጥቅ አውቀዋለሁ፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲነካው ከዚያ ራሱን ያወጣ አልነበረም። ብዙ ሆነው ማደራቸው ካቡን ለሚፈትሽ እባብ አንድ ማዕድ ነው። ቆዳቸው ላይ የሚጣበቁት ቀያይ ጥቃቅን ተባዮችም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩት እንዲህ ተጣብቀው ሲያድሩ ነው። ቀን ግን የብዛት ጥቅሙ ይታያል። ጭልፊት በላያችን ስትዞር ጥላዋ ካቡን ከመንካቱ በፊት አንዱ ያያታል። እሱ ሲሮጥ ሁሉም ይሮጣል፤ በዓይን ጥቅሻ ካቡ ባዶ ይሆናል። ብቻዋን የምትሞቅ እንሽላሊት ዓይኗ ሁለት ብቻ ነው።

የቤታችን ግድግዳም የራሱ ነዋሪ ነበረው፤ ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ዙሪያ የእሳት እራት የሚለቅሙት ጌኮዎች። ደርቡን ስናጸዳ ከምሰሶው ጀርባ ባለ ንቃቃት ውስጥ ነጫጭ፣ ክብ፣ እንደ ጠጠር የጠነከሩ የእንቁላል ቅርፊቶች ተከምረው አገኘን። አንዳንዶቹ ያረጁ፣ አንዳንዶቹ ትኩስ ነበሩ። ጌኮ በአንድ ጊዜ የምትጥለው በተለምዶ ሁለት እንቁላል ነው። ያ ክምር እንግዲህ የአንዲት እናት የአንድ ጊዜ ሥራ ሊሆን አይችልም፤ ብዙ እናቶች፣ ምናልባትም ብዙ ዓመታት፣ ያንኑ ንቃቃት መርጠው ነበር። እምዬ ቅርፊቶቹን አላስጠረገችም። "ቤት የሚያውቁ ናቸው" አለች፤ ነገሩ እዚያው አበቃ።

ዘመድነትስ? ይህን በልጅነቴ የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም እንሽላሊት ዘመድ አያውቅም ብለን ነው ያደግነው፤ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍቶቼም ብዙ የተለየ አልነገሩኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን አሊሰን ዴቪስና የሥራ ጓደኞቿ በሞሃቬ በረሃ ስለሚኖሩ ትንንሽ እንሽላሊቶች ጽፈው አነበብኩ። እነዚህ እንሽላሊቶች እንቁላል አይጥሉም፤ ልጅ ይወልዳሉ። ክረምቱን በወደቁ ግንዶች ሥር ተሰብስበው ነው የሚያልፉት። የዘር ምርመራ ሲደረግ ከአንድ ግንድ ሥር የተገኙት አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ሆነው ተገኙ፤ አባት፣ እናት፣ ልጆቻቸው። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ዓመታት ይቆያሉ። ወረቀቱን አስቀምጬ አጎቴ ያነሣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሰብኩ። ከሥሩ የተኙት ትልልቅም ትንንሽም ነበሩ፤ አንድ ዓመት ያልሞላው የሚመስል ጣት የማያክል አንዱ መካከል ላይ ነበር። የእኛዎቹ ቤተሰብ ናቸው ብዬ አልጽፍም፤ ማንም የዘር ምርመራ አላደረገላቸውም። ቢደረግላቸው ግን እንዴት ደስ ባለኝ። ከላስታ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ ይህን ትሠራው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካቡ እዚያው ነው፣ ወጪውም ብዙ አይደለም።

ወንድሜ የቄስ ተማሪ ነበር። ዳዊት ሲደግም አለት የሽኮኮ መሸሸጊያ እንደሆነ የሚናገረው ቦታ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ የኔታ ትርጉሙን ነግረውት ነበርና። ወደ አሸተን ማርያም ስንወጣ በገደሉ ጫፍ ሽኮኮዎች ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ከጎናቸው ደግሞ ገበሎዎች ሲሞቁ እናያለን። ሽኮኮ አጥቢ እንስሳ ነው፤ ደሙ የሞቀ ነው። ቢሆንም የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሌሎቹ አጥቢዎች አጥብቆ መያዝ አይሆንለትም፤ ስለዚህ እሱም ሌሊት ተጠጋግቶ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ይወጣል። በአንድ አለት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የደጋ ብርድ ማንንም እንደማይመርጥ ነበር የሚገባኝ።

አሁን አሁን ወደ አገሬ ስሄድ ካቦቹ እየተለወጡ ነው። ድንጋዩ ለግንባታ ይጫናል። የተናደው እርከን ሲጠገን ስንጥቁ በሲሚንቶ ይሞላል፤ ያማረ ይመስላል፣ ጠዋት ግን ራሱን የሚያወጣበት የለም። በወንጭፍ ገበሎ መምታትም የልጆች ጨዋታ ሆኖ ቀጥሏል። ስለ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያናት አልናገርም፤ እነሱ ሌላ ጉዳይ ናቸው። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ዝናብ የሚያስገባ ስንጥቃቸው በባለሙያ እጅ መጠገን አለበት፣ ይህን የሚቃወም የላስታ ሰው የለም። የእርከን ካብ ግን ክፍተት ያስፈልገዋል። ውኃውን በክፍተቱ ስለሚያሳልፍ ነው ክረምቱን የሚችለው፤ የተደፈነ ካብ ከኋላው ውኃ አምቆ ይናዳል። አጎቴ ይህን ለሚጠይቀው ሁሉ ይናገር ነበር። አንበጣና ምስጥ የሚበሉት ጎረቤቶቻችን የሚያድሩትም በዚያው ክፍተት ነው።

ካብ ለምትጠግኑ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። በካባችን ውስጥ የሚያድሩት እንሽላሊቶች፣ ገበሎዎችና ጌኮዎች መርዝ የላቸውም። እባብ ሊኖር ስለሚችል እጃችሁን ወደ ስንጥቅ ከመስደዳችሁ በፊት በዱላ ነካ ነካ አድርጉ። ሥራውን ፀሐዩ ካቡን ካሞቀው በኋላ ጀምሩ፤ በዚያ ሰዓት ሮጠው ማምለጥ ይችላሉ። ማለዳ ድንጋይ አንሥታችሁ ተጠላልፈው የተኙ ካገኛችሁ ደግሞ አትበትኗቸው፤ ድንጋዩን በነበረበት አቀማመጥ መልሱትና ከሌላ ቦታ ጀምሩ።